የሮቦት ትምህርት ከውሃ ፓምፕ ይጀምር

በዚህ ሳምንት ስለ ሮቦት እንነጋገራለን። ሮቦት የሚለውን ቃል በሬዲዮ ሰምታችሁት ይሆናል። ልጆቻችሁም በስልክ ላይ ሥዕሉን አሳይተዋችሁ ይሆናል። «ታዲያ ይህ የፈረንጅ መጫወቻ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በነገሌ፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌና በፊልቱ ያለ ወላጅ ሲተኛም ሲነሣም የሚያስበው ስለ ውሃ፣ ስለ ሣርና ስለ ከብቱ ነው። እኛም ዛሬ የምናወራው ስለዚሁ ነው። የሮቦት ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጥ ሲባል ምን ማለት ነው? ለቆላው ልጅ ምን ይጠቅመዋል? እንዴት ከሆነስ አይጠቅመውም? አንድ በአንድ እንመልከት።

ሮቦት ምንድን ነው?

ሮቦት የሚለው ቃል የመጣው ከቼክ ሕዝብ ቋንቋ ነው። ካሬል ቻፔክ የሚባል ደራሲ በ1913 ዓ.ም. ገደማ ባወጣው ተውኔት ቃሉን ለዓለም አስተዋወቀ። በዚያ ቋንቋ «ሮቦታ» ማለት ባላባት ጭሰኛውን በግድ የሚያሠራው ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የእኛም አያቶች በሚገባ ያውቁታል። ስለዚህ ሮቦት ማለት በሰው ፈንታ የሚለፋ ማሽን ማለት ነው።

ሮቦት ሁሉ የሰው መልክ አለው ማለት ግን አይደለም። ብዙዎቹ ሮቦቶች እጅም እግርም ፊትም የላቸውም። አንድን ማሽን ሮቦት የሚያሰኙት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ማወቂያው ነው። እንደ ዓይንና እንደ ጆሮ ሆኖ ብርሃንን፣ ሙቀትን ወይም ውሃን ያውቃል። ባለሙያዎች ሴንሰር ይሉታል።

ሁለተኛው መቆጣጠሪያው ነው። እንደ ጭንቅላት ሆኖ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚለውን ትእዛዝ ይይዛል። ትእዛዙን የሚጽፍለት ሰው ነው። የትእዛዙ ጽሑፍ ፕሮግራም ይባላል።

ሦስተኛው ሠሪው ነው። እንደ ክንድ ሆኖ ያነሣል፣ ይገፋል፣ ያሽከረክራል። ብዙውን ጊዜ ሞተር ነው።

ይህን ነገር የቦረና ሰው ከማንም ቀድሞ ሊረዳው ይችላል። እስቲ ቱላ የሚባሉትን ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አስቡ። ወጣቶች አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ይቆማሉ። የውሃ መቅጃውን እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውሃውን ወደ ገንዳው ያወጣሉ። እነሱ ክንድ ናቸው። የገንዳውን መሙላትና መጉደል የሚያይ ሰው አለ፤ እሱ ዓይን ነው። ከዚያም አባ ሄረጋ አለ። «ዛሬ የማን ከብት ይጠጣል? ከእሱ ቀጥሎስ የማን?» የሚለውን ቆጥሮ የሚያውቀው፣ ተራውን የሚያስከብረው እሱ ነው። አባ ሄረጋ በጭንቅላቱ የያዘው ተራ ልክ እንደ ፕሮግራም ነው። ቅደም ተከተል አለው። ተራው ከተዛባ ጠብ ይነሣል፤ ከብትም ይጠማል።

እንግዲህ ዓይንን፣ ጭንቅላትንና ክንድን አስተባብሮ ማሠራት ለቆላው ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው በሽቦና በባትሪ መሠራቱ ነው።

የነገሌዋ ፓምፕ

አሁን ደግሞ በነገሌ ቦረና የተፈጸመ አንድ ታሪክ እናስታውሳችሁ። ሽማግሌዎች ያስታውሱታል።

ነገሩ የሆነው በጥር ወር 1966 ዓ.ም. ነው። በነገሌ የሰፈረው የጦሩ 4ኛ ብርጌድ ወታደሮች ምግባቸው መጥፎ ነበር። የሚጠጡትን ውሃ የሚያወጣላቸው ፓምፕም ተበላሸ። መኮንኖቹ የራሳቸው የውሃ ጉድጓድ ነበራቸው። ወታደሮቹ «ከእናንተ ጉድጓድ እንቅዳ» ቢሉ ተከለከሉ።

ወታደሮቹ ተቆጡ። መኮንኖቻቸውን ያዙ። ከአዲስ አበባ ነገሩን እንዲያጣሩ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለ ተላኩ። ወታደሮቹ እሳቸውንም ያዟቸው። «እኛ የምንበላውን ብሉ፤ እኛ የምንጠጣውን ጠጡ» ብለው አበሏቸው፣ አጠጧቸው። ወሬው በየጦር ሰፈሩ ተዛመተ። ሌሎችም ክፍሎች በየተራ አመፁ። በዚያው ዓመት መስከረም ሳይጠባ የንጉሡ መንግሥት ወደ ማለቂያው ተቃረበ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

የአብዮቱ ምክንያት ፓምፕ ብቻ ነበር አንልም። የመሬት ጥያቄ ነበር፤ ረሃብ ነበር፤ የደመወዝ ጥያቄ ነበር። ቢሆንም ነገሩ በነገሌ የፈነዳው በተበላሸ ፓምፕና በተከለከለ ውሃ ነው። በደረቅ አገር ማሽን ሲበላሽ የሚበላሸው ብረት ብቻ አይደለም። ሰውና ሰው ይጣላል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ማሽን ያለ ጠጋኝ ማሽን አይባልም። ሁለተኛ፣ ማሽኑን የያዘው ሰው ሌላውን ሊያስጠማ ይችላል። ስለዚህ የማሽን እውቀት በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ መቅረት የለበትም።

ማሽኑ ቆላ ገብቷል

«ሮቦት ገና ወደ እኛ አልመጣም» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ዘመዶቹ መጥተዋል።

በገናሌ ወንዝ ላይ፣ በጉጂና በባሌ መካከል፣ ገናሌ ዳዋ 3 የሚባል የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠርቷል። የተመረቀው በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ነው። 254 ሜጋ ዋት ኃይል የማመንጨት ዐቅም አለው። ግድቡ 110 ሜትር ከፍታ አለው። በእንዲህ ያለ ማመንጫ ውስጥ ውሃው ትልልቅ መዘውሮችን ያሽከረክራል። ሰው ብዙ መብራት ሲያበራ የውሃው በር ይሰፋል፤ ሲያጠፋ ይጠብባል። በሩን በየደቂቃው የሚያጠብና የሚያሰፋው ሰው አይደለም። ዓይንና ጭንቅላት ያለው ማሽን ነው።

ወደ ሰማይም እንመልከት። በነሐሴ ወር 2004 ዓ.ም. በቦረና የከብት ኢንሹራንስ ተጀመረ። ያዘጋጁት ዓለም አቀፉ የከብት ምርምር ተቋምና የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ናቸው። ከዚያ በፊት በኬንያ፣ በማርሳቢት፣ በ2002 ዓ.ም. ተሞክሮ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። አርብቶ አደሩ መዋጮ ይከፍላል። ሳተላይት የምትባል በሰማይ የምትዞር መሣሪያ የግጦሹን አረንጓዴነት ትለካለች። አረንጓዴው ከተወሰነው ልክ በታች ከወረደ ድርቅ ነው ተብሎ ገንዘብ ይከፈላል። የሞተ ከብት የሚቆጥር ሰው አይመጣም። ሁሉም በሰማይ ዓይን ይታያል።

ይህ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ችግር አለው። ሳተላይቷ የምታየው ሰፊ አካባቢን በአማካይ ነው። የጎረቤት ሸለቆ ለምልሞ የእናንተ መንደር ቢደርቅ ልኬቱ የእናንተን ችግር ላያሳይ ይችላል። ቁጥቋጦም ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው፤ ከብት ግን ሁሉንም አይበላም። ታዲያ እንዲህ ሲሆን ማን ይከራከር? ማሽኑ እንዴት እንደሚያይ የሚያውቅ ሰው ይከራከራል። የማያውቅ ሰው «ማሽኑ ብሏል» ሲባል ዝም ይላል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀሩ። በቦረና ስንት ከብት እንዳለቀ እናንተ ታውቁታላችሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንዲት ፓምፕ መሥራቷና አለመሥራቷ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ፕላዝማ ምን አስተማረን?

ማሽን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ የአሁኑ የመጀመሪያው አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የሚባል ትልቅ ቴሌቪዥን ገባ። የሂሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የሌሎች ትምህርቶች በሳተላይት ይተላለፉ ነበር።

ሐሳቡ መልካም ነበር። በገጠር በቂ መምህር አልነበረም። «የአዲስ አበባ ልጅ የሚያገኘውን ትምህርት የሞያሌ ልጅም ያግኝ» ተባለ። የማይታይ የቤተ ሙከራ ሥራ በሥዕል ታየ። ይህ ጥቅሙ ነው።

ጉዳቱስ? ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ይፈጥናል። ተማሪው «አልገባኝም፤ ይደገምልኝ» ቢል ቴሌቪዥኑ አይሰማም። መምህሩ የራሱን ትምህርት የሚሰጥበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሆነ። መብራት ሲጠፋ የዕለቱ ትምህርት አለፈ። ቴሌቪዥኑ ሲበላሽ ደግሞ ጠጋኙ ሩቅ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ውሎ አድሮ ዕቃው አቧራ ለበሰ።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። የሮቦት ትምህርትም እንዲሁ በካርቶን ታሽጎ መጥቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶበት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቆለፈበት ከፕላዝማው አይሻልም። ተማሪው የሚፈታታው፣ የሚያበላሸው፣ መልሶም የሚጠግነው ዕቃ መሆን አለበት።

በአገራችን ምን ተጀምሯል?

ጅምሮች አሉ። አይኮግ ላብስ የሚባል ድርጅት በአዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. ገደማ ተቋቁሟል። ከመሥራቾቹ አንዱ ጌትነት አሰፋ ነው። በዚህ ድርጅት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሶፊያ ለምትባለው የታወቀች ሮቦት ፕሮግራም በመጻፍ ተካፍለዋል። ሶፊያ የተሠራችው በሆንግ ኮንግ ነው። ፊቷ የሴት ነው፤ ትናገራለች፤ ፈገግ ትላለች።

ሶፊያ በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጣች። የሚገርመው ግን ይህ ነው። በጉዞው ላይ የአካሏን ክፍሎች የያዘው ሻንጣ በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ጠፋ። ለጋዜጠኞች ትታያለች የተባለችበት ዝግጅትም ቀረ። አያችሁ? በዓለም ስሟ የታወቀ ሮቦት እንኳ መለዋወጫዋ ከጠፋ ዝም ትላለች። የነገሌዋ ፓምፕና ሶፊያ እዚህ ላይ እኩል ናቸው።

ይኸው ድርጅት ለልጆች የፕሮግራም ትምህርት ይሰጣል፤ ለወጣቶችም የፈጠራ ውድድር በየክልሉ አካሂዷል። በቢሾፍቱ የተጀመረው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከልም አለ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ማዕከሎች በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፍተዋል። በየአካባቢያቸው ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እየመጡ በእጃቸው ይሞክራሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮምፒዩተር ትእዛዝ መጻፍ ለማስተማር የታቀደ ነፃ ትምህርት በመንግሥት ተጀመረ።

የመማሪያ መጽሐፉስ? በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት አለ። የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች፣ ስለ ኮምፒዩተር ጥገናና ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ ምዕራፍ አለው። መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው። የሚጎድለው ከመጽሐፉ ወደ እጅ መውረዱ ነው።

ከየት ይጀመር?

እኛ የምንለው ከአሻንጉሊት አይጀመር ነው። ከገንዳው ይጀመር።

እንበል፣ በአንድ የቆላ ከተማ ሃያ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ተሰበሰቡ። አንድ ባልዲ፣ አንድ ጀሪካን፣ ትንሽ ሞተር፣ ሽቦና የባትሪ ድንጋይ አላቸው። ሞተሩ ከተበላሸ መጫወቻ የወጣ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን መገዛት አለበት። እሱም የእጅ መዳፍ የምታህል መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ነው። አርዱዊኖ የሚባለው ሰሌዳ የታወቀ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በጣልያን አገር፣ በኢቭሬያ ከተማ፣ ለተማሪዎች እንዲረክስ ታስቦ ተሠራ። አሠራሩ ለሁሉ ክፍት ስለሆነ ብዙ አገር ይሠራዋል።

ተማሪዎቹ ሦስት ሽቦዎች በጀሪካኑ ውስጥ ያንጠለጥላሉ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ሦስተኛው ደግሞ እስከ ጀሪካኑ ወለል ድረስ። ውሃ አንዱን ሽቦ ከወለሉ ሽቦ ጋር ሲያገናኝ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ሰሌዳው በዚህ ያውቃል። ይህ ሙከራ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው። የቤት መብራት ኤሌክትሪክና ውሃ አብረው አይነኩም፤ ይገድላል።

ከዚያ ትእዛዙን ይጽፋሉ። በቃል ሲነገር እንዲህ ነው።

1. የጀሪካኑን ውሃ እይ።
2. ውሃው የላይኛውን ሽቦ ከነካ ሞተሩን አቁም።
3. ውሃው ከታችኛው ሽቦ በታች ከወረደ ሞተሩን አስነሣ።
4. ጥቂት ጠብቅ።
5. ወደ ተራ ቁጥር 1 ተመለስ።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ የቻለ ሰው ሁሉ ፕሮግራም ማንበብ ጀምሯል ማለት ነው። እናንተም ጀምራችኋል።

አሁን መምህሩ ይጠይቃል። «ጉድጓዱ ራሱ ቢደርቅስ?» ተማሪዎቹ ዝም ይላሉ። ትእዛዙን እንደገና ያነባሉ። ጀሪካኑ ባዶ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ይሠራል። ጉድጓዱ ግን ውሃ የለውም። ሞተሩ ያለ ውሃ ሲሽከረከር ይግላል፤ ይቃጠላል። ብዙ እውነተኛ ፓምፖችም የሚቃጠሉት በዚህ ነው። እንግዲህ አንድ ትእዛዝ ጎድሏል። «በጉድጓዱ ውሃ ከሌለ አቁም፤ ጉድጓዱ እስኪሞላ አሳርፈው» የሚል መጨመር አለበት። አባ ሄረጋ ይህን ያውቃል። ማሽኑ ግን ካልተነገረው አያውቅም።

የሮቦት ትምህርት ማለት ይህ ነው። ማሽን የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ እንደሆነ ማወቅ ነው። የጎደለውን ትእዛዝ ፈልጎ ማግኘት ነው። ይህን የተማረ ልጅ በመንደሩ በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ሲቆም «ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እንጠብቅ» አይልም። የፀሐዩ ሰሌዳ አቧራ ለብሶ እንደሆነ ያያል። ሽቦው ተበጥሶ እንደሆነ ይመረምራል። ከዐቅሙ በላይ ከሆነም ምን እንደተበላሸ በስልክ ለይቶ ይናገራል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር እንበል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። ምክንያቱም ሰው በሚሰማው ቋንቋ ሲማር ቶሎ ይገባዋል። በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ይህ አይቀርም። ማብራሪያው ግን ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ይሁን፤ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም፣ በአማርኛም።

ወላጆች ምን ይላሉ?

አንዳንድ ወላጅ «ሮቦት የሰውን ሥራ ይነጥቃል» ይላል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። በፋብሪካ ውስጥ የብዙ ሰው ሥራ በማሽን ተተክቷል። ነገር ግን ማሽኑ እኛ ስላልተማርን ከመምጣት አይቀርም። ሥራው የሚቀርለት ማሽኑን ለሚያውቅ ነው።

ሌላው ደግሞ «ልጄ ትምህርት ቤት ከቆየ ከብቱን ማን ይጠብቃል?» ይላል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። በድርቅ ጊዜ ቤተሰብ ከከብቱ ጋር ይሰደዳል፤ ልጅም ከክፍል ይቀራል። ስለዚህ የሮቦት ክበብ የሚሰበሰብበት ሰዓት ከወላጅ ጋር ተመክሮ ይወሰን እንላለን። ዕቃውም ከቦታ ቦታ ሊወሰድ የሚችል ቀላል ይሁን።

ሌላም አለ። «ሴት ልጅ ከሽቦ ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር እንንገራችሁ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን፣ የዓለም ወጣቶች የሮቦት ውድድር ተደረገ። ከአፍጋኒስታን፣ ከሄራት ከተማ ስድስት ልጃገረዶች ለመወዳደር ተዘጋጁ። ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከለከሉ። ተስፋ አልቆረጡም፤ በመጨረሻ ተፈቀደላቸው። ሄደውም ለብርታታቸው የብር ሜዳሊያ ተሸለሙ። በቆላው አገርስ ጀሪካን ተሸክማ ረጅም መንገድ የምትሄደው ማን ናት? ሴቷ ልጅ ናት። ፓምፕ ሲበላሽ ቀድሞ የሚደክመው የእሷ ጀርባ ነው። እንግዲያው ፓምፑን ማወቅ ለእሷ ይገባል።

ወላጆች ሆይ፣ ትምህርት ቤቱን ለመጠየቅ ሁለተኛ ደረጃ መማር አያስፈልግም። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ እነዚህን ጥያቄዎች አንሡ። ከዚያ በፊትም በንባብ ቡድናችሁ ተወያዩባቸው።

ለመወያያ

1. በቀበሌያችን ስንት የውሃ ፓምፕ አለ? ስንቱ ይሠራል? የቆመው ምን ሆኖ ቆመ?
2. ሲበላሽ የሚጠግነው ማነው? ከየት ይመጣል? ስንት ቀን ይፈጃል?
3. በትምህርት ቤታችን ያለው ኮምፒዩተር ይሠራል? ልጆች ይነኩታል ወይስ ተቆልፎበታል?
4. ልጆች የሚፈታቱት የተበላሸ ሬዲዮ፣ ስልክ ወይም ሞተር በቤታችን አለ? ለትምህርት ቤቱ ብንሰጥስ?
5. በክበቡ ስንት ሴት ልጆች አሉ?

የአምስተኛውን ጥያቄ መልስ ለማወቅ ሩቅ አትሂዱ። ከቤታችሁ ጀምሩ።